ለሰው የሰጠኋቸው ቅጽሎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ለሱሌማን የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሹፌራችን ነው። አንድ ኤምባሲ ሹፌር እንደሚፈልግ ሰምቶ ዳይሬክተሩን አቶ ገብረዋህድን ጠየቃቸው። የሳቸው መልስ ደግሞ ለማንም አንድ ነው። «ለልደት ንገራት፣ ጽፋ ታምጣ፣ እፈርማለሁ።»

ልደት ጻፈች። ልደት ለሁሉም ትጽፋለች። እንግሊዝኛ አጥንቼ በማዕረግ ስመረቅ እማዬ አምባሳደር የምሆን መስሏት ነበር… የቢሮው ቅጽል አከፋፋይ ሆኜ ቀረሁ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ?»

«ፓንክቹዋል። ሰዓት አክባሪ።»

«ውሸታም! ትናንት ሜክሲኮ ላይ ስንት ሰዓት ገተርኩሽ?»

«ሪላየብልም ብዬሃለሁ። የሚታመን።»

«እሱስ ይሁን። ግን ከበድ የሚል የለም? ዳይሬክተር የሚያስመስል?»

ሳቅን። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ መሰለኝ፤ ጉንጬን አመመኝ።

ቦርዱ በቅርቡ የሥልጠና ክፍሉን ኃላፊ ይሾማል። ለትናንሽ ነጋዴዎች ሥልጠና የምንሰጥ ድርጅት ነን፤ ሥልጠና ክፍሉ ማለት ድርጅቱ ማለት ነው። ተጠባባቂ ኃላፊ ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእንግሊዝኛ አክቲንግ ነው የሚሉት። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሻል፣ ወንበሩ ግን ያንቺ አይደለም ማለት ነው። አሁን ግን… ሌላ ማን አለ? ማንም የለም። እኔው ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አቶ ገብረዋህድ ጠሩኝ። ለናኦድ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ለውጭ አገር ትምህርት ነው አሉ። «የመሪነት ነገር ይኑርበት። የሚያስደነግጥ ቃል አድርጊበት።»

ናኦድም መጣ። «ልዲ፣ በናትሽ፣ አሳምሪልኝ።» አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ። መልከ መልካም፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ።

ዲሳይሲቭ ብዬ ጀመርኩ። ሳያመነታ የሚወስን። ቅጽል ግን ብቻውን አይቆምም፤ መቼ ወሰነ? ምን ወሰነ? ተብሎ ይጠየቃል። ናኦድ የወሰነውን ነገር ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ… ምሳ ስንወጣ እንኳ «አንቺ ያዘዝሽውን» የሚል ሰው ነው።

ስለዚህ አዳማን አበደርኩት።

አዳማ የኔ ናት። ስድሳ ነጋዴዎች፣ አብዛኞቹ እናቶች፣ በጠዋት ሆቴሉ ደጅ ቆመዋል። አዳራሹን ለሠርግ ሰጥተውታል። ሥራ አስኪያጁ «ነገ ኑ» ይላል። ነገ? ልጅ ለጎረቤት ትተው የመጡ ሴቶች? የአቶ ገብረዋህድ ስልክ ዝግ ነው። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ማዶ ትምህርት ቤት ነበር፤ ርዕሰ መምህሩን ለምኜ የመመገቢያ አዳራሹን አስከፈትኩ። ሱሌማን ወንበር በመኪና አመላለሰ። ሥራ አስኪያጁን አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ «ምሳውን እዚያ ታመጣለህ።» አመጣ።

ናኦድ ያን ቀን እዚህ ነበር፣ ጥርሱን ሊያስነቅል ፈቃድ ወጥቶ። ቢሆንስ? የውጭ ዩኒቨርሲቲ አዳማ ድረስ መጥቶ አያጣራም። ዲሳይሲቭ፣ ኮማንዲንግ፣ ኦቶሪቴቲቭ… ወሳኝ፣ አዛዥ፣ ተሰሚ። ሦስቱንም ደረደርኩለት። ይሂድና ይማር።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

እማዬ ጋ ሄድኩ፣ ገላን ጉራ። ሁለት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እሑድ ማለት መንገድ ማለት ነው። እኔ ለሥራው ብዬ ቂርቆስ ክፍል ተከራየሁ። እሷ እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የማታውቃቸው ሰዎች መሃል።

«ሹመቱስ?»

«በቅርቡ።»

«ደግሞ አፍሽን ያዝ አድርጊ። ሰው እንዲወድሽ።»

«እማዬ፣ ሥራ ነው እኮ።»

«ሥራም ቢሆን።»

ስመለስ በድሮው ሰፈራችን በኩል አለፍኩ። መብራቱ ያምራል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። የማውቀው ሰው አላገኘሁም። የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም… ማንን ነው የምጠይቀው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ጉንፋን። ቤት ዋልኩ። ማንም አልደወለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ናኦድን ሾሙት።

በሰኞ ስብሰባ ላይ አቶ ገብረዋህድ ተነስተው ቦርዱ የወሰነበትን ምክንያት አነበቡ። በእንግሊዝኛ። ዲሳይሲቭ። ኮማንዲንግ። ኦቶሪቴቲቭ። መጀመሪያ ቃላቱ ለምን ጆሮዬ ውስጥ እንደዚህ እንደተመቻቹ አልገባኝም። ከዚያ አዳማ መጣች። ሆቴሉ፣ ሠርጉ፣ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ… የጻፍኩትን መልሰው ለእኔው አነበቡልኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ። አላስታውስም።

ሲያልቅ ተከትያቸው ቢሯቸው ገባሁ።

«ለትምህርት ነው ብለውኝ ነበር።»

«ለትምህርትም ይሆነዋል።»

«አዳማ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ልደት፣ የኔ ልጅ… ማንም ሥራሽን አልካደም። ግን፣ ማለቴ… ታስፈሪያለሽ። ለጋሾቹ ፊት የሚቆም ለስለስ ያለ ሰው ያስፈልጋል።»

«ደብዳቤው ለስለስ ያለ አይልም። ኮማንዲንግ ነው የሚለው። ቆሞ የሚያዝ!»

«እሱን አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

እሳቸው ቀጠሉ። ምክትል አድርገውኛል። ደሞዝም «ይታያል»። ሥራውን እኔ እሠራለሁ፣ ለጋሾቹን እሱ ይቀበላል።

«ምክትል አልሆንም» ብዬ ወጣሁ። በሩን አልደረገምኩትም። አሁን ሳስበው መደርገም ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬ ናኦድ ወረቀት አቅራቢያችንን በስልክ ተቆጣው። ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። የሒሳብ ክፍሏ ረውዳ ቀና ብላ «ወይ ናኦድ፣ ኃላፊነት አማረበት» አለች። ረውዳ! ጓደኛዬ!

ባለፈው ወር ያንኑ ሰውዬ፣ ለዚያው ወረቀት፣ እኔ ስቆጣው ምን ተባለ? «ልዲ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት?»

ያው ድምፅ ከወንድ ሲወጣ አሰርቲቭ ይሉታል፤ ሐሳቡን ሳይፈራ የሚናገር። ከሴት ሲወጣ ቦሲ፤ አለቃ አለቃ የምትል። ቦሲ ለወንድ ሲባል የሰማሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። የለም።

አማርኛውስ ይሻላል? ቆፍጣና የሚል ጥሩ ቃል አለን። ሴትም ቆፍጣና ትባላለች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ማንም ብሎኝ አያውቅም። እኔን የሚሉኝ ኃይለኛ ነው። ወይ ደግሞ ወንዳወንድ።

አርብ፣ ኅዳር 5

ከረውዳ ጋር ኦሎምፒያ ማኪያቶ ጠጣን። ያሰብኩትን ነገርኳት። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘሪቱ ጋ ሄጄ «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አዳማም የኔ ናት» ልላቸው ነው አልኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ወላሂ ልዲ፣ እንዳታደርጊው።»

«ለምን?»

«የኔ ደብዳቤ ሜክሲኮ ያለው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ደብዳቤውን እያዩ ነው። ያንቺ እንግሊዝኛ፣ የሳቸው ፊርማ። አንዱ ውሸት ነው ከተባለ የኔን ማን ያምነኛል?»

«ያንቺ እውነት ነው። ያልሠራሽውን አንድ ነገር አልጻፍኩም።»

«ለማን ነው የማስረዳው? በር ላይ ቆሜ?»

«እኔስ? ዝም ልበል?»

«ዝም በይ አላልኩም። ግን አንቺ ስትቆጪ እኮ ማን እንደሚመታ አታዪም።»

«ቦሲ ነሽ በይኛ።»

«እኔ አላልኩም። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

ሒሳቡን ከፍላ ሄደች። ማኪያቶዋን ግማሽ ትታዋለች። እስከ ቂርቆስ በእግሬ ተመለስኩ። የምደውልለት ሰው ፈልጌ ስልኬ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየሁ… አብዛኛው ደብዳቤ የጻፍኩለት ሰው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ገላን ጉራ አልሄድኩም። እማዬ ፊቴን ካየች ታውቃለች።

ስንቱን ሰው ዲሳይሲቭ ብዬ ጻፍኩ፤ እኔ ግን ከአርብ ጀምሮ አንድ ነገር መወሰን አቅቶኝ ጣራ አያለሁ። ብናገር ወንበሩን አገኝ ይሆናል። ረውዳ ግን አዲሱን ሥራ ታጣለች። እናቷን፣ ሁለት እህቶቿን የምታኖረው እሷ ናት። ዝም ብል ደግሞ… ዝም ብል ምን እሆናለሁ? ምክትል። አዳማን ሰጥቶ ምክትል።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጥብ አንድ ነገር ታየኝ። ስለ ደብዳቤው ምን አገባኝ? ማን እንደጻፈው መናገር የለብኝም። አዳማን ብቻ ነው የምጠይቃቸው። አዳማን የሚያውቅ ይናገራል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቦርዱ አዲሱን ኃላፊ ከሠራተኛው ጋር ሊያስተዋውቅ መጣ። ወይዘሮ ዘሪቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየኋቸው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ አጭር ሴት። ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሲናገሩ ክፍሉ ሁሉ ጎንበስ ይላል። ለዚህ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃል ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ። እጄን አወጣሁ። አቶ ገብረዋህድ በዓይናቸው ተዪው አሉኝ። አልተውኩትም።

«ወይዘሮ ዘሪቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዳማ የሆነውን በወረቀት ነው የሰማነው። አዲሱ ኃላፊ ራሱ ቢነግረንስ?»

ናኦድ ተነስቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ሊተርከው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ታሪኩን ከኔው አፍ ስንቴ ሰምቶታል። ጀመረም።

«ሆቴሉ አዳራሹን ለሠርግ ሰጥቶት ነበር። ሰዎቹ ውጭ ቆመው…»

እኔን አየኝ። አላጎነበስኩም።

«እኔ… እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እዚሁ ነበርኩ። ጥርሴን እያስነቀልኩ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሱሌማን ነው። «ስንመለስ ጉንጩ እንዲህ አክሎ አገኘነው! እኔ ነኝ ወንበሩን ያመላለስኩት። ያዘዘችኝ እሷ ናት። መቼም ትዕዛዟን አልረሳውም፣ ወገቤ እስካሁን ያመኛል።»

ሰው ሁሉ ሊስቅ ፈልጎ ፈራ። ወይዘሮ ዘሪቱ የናኦድን የድጋፍ ደብዳቤ አገላበጡ።

«ታዲያ ይሄን የፈረመ ማነው?»

ሁሉም ወደ አቶ ገብረዋህድ ዞረ። ማን እንደጻፈው አልጠየቁም። እኔም አልተናገርኩም። ረውዳ ግን እስከ መጨረሻው ከወለሉ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

ሹመቱ ታገደ። ቦታው ላይ እንደገና እንወዳደራለን፣ እኔና ናኦድ። እያንዳንዳችን ከዳይሬክተሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይዘን።

አርብ፣ ኅዳር 12

ናኦድ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ልዲ፣ ይቅርታ።»

«ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?»

«ተሾምክ ሲሉኝ ደስ አለኝ። በቃ። ደስ አለኝ።»

ልጮህበት ነበር። ግን እንዲህ ያለ መልስ ላይ እንዴት ይጮሃል? እኔም ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ማንም «እንሂድ» አላለኝም። ረውዳ ሰላምታዬን በአንገቷ መለሰች። እውነት ተናግሮ ብቻውን ምሳ የበላ ሰው እኔ የመጀመሪያዋ አልሆንም… ሽሮውን ግን ግማሹን ትቼው ተነሳሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የራሴን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ያው እንደተለመደው፣ እጽፋለሁ፣ ይፈርማሉ።

ሃርድወርኪንግ። ትጉህ። ኮኦፐሬቲቭ። ተባባሪ። ሰፖርቲቭ። ደጋፊ… ቆም ብዬ አየሁት። ሻይ የምታቀርብ ጥሩ ልጅ ናት እንጂ ክፍል የምትመራ ሴት አይደለችም። ለናኦድ ኮማንዲንግ ለማለት አላመነታሁም። ለራሴ ሲሆን ምን ያዘኝ?

ሰረዝኩት። ኦቶሪቴቲቭ ብዬ ጻፍኩ፤ የሚናገረውን ስለሚያውቅ የሚሰማ ሰው። ይሄን ቃል እወደዋለሁ። ኦቶሪቴሪያን የሚባል ዘመድ አለው፣ የሚሰማው ስለሚፈራ ብቻ የሆነ። መልካቸው ይመሳሰላል። እኔ የትኛዋ ነኝ? ፊቴ ጋለ። ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ አፈርኩ። ይሄን ቃል ማን ሰጠሽ? ብባል መልሱ «እኔው» ነው።

ለዚህ ሁሉ ሰው ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለእኔ የሚሰጠኝ አንድ ሰው ይጥፋ?

ላፕቶፑን ዘጋሁት። አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አቶ ገብረዋህድ ቢሮ ገባሁ። ቀና ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው፣ ልፈርም።»

«አልጻፍኩም።»

«እንዴ፣ ነገ እኮ ነው የሚገባው።»

«እርስዎ ይጻፉልኝ።»

«እኔ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግሊዝኛው ያንቺ እጅ ይሻላል።»

«ወይዘሮ ዘሪቱ አማርኛ ያነባሉ።»

«ልደት፣ እልህ ነው ይሄ?»

«እልህ ነው። ደግሞም ደብዳቤ ነው። የሚያውቁኝ እርስዎ ነዎት። ስለኔ የሚያውቁትን ይጻፉ፣ ክፉም ቢሆን።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት እዚያ ቢሮ ሳይጋብዙኝ ተቀምጬ አላውቅም። ጠበቁ። እሄዳለሁ ብለው ነው። አልሄድኩም። ስልካቸው ጠራ፣ አላነሱትም። በመጨረሻ ነጭ ወረቀት ሳቡ።

እስክሪብቶ ይዘው ብዙ ቆዩ። ለካ ይሄ ሰው ለስንት ሰው ሲፈርም ኖሮ ስለ አንድ ሰው አንድ መስመር ጽፎ አያውቅም። ጆሯቸው ቀላ። ጻፉ፣ አነበቡት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ጻፉ። ፈርመው ወደኔ ገፉት።

«ልደትን ሦስት ዓመት አውቃታለሁ። ስትናገረኝ አልወድም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትክክል ነበረች። እሷ ሥልጠና ይዛ ክፍለ ሀገር በወጣችባቸው ቀናት ስልኬን አጥፍቼ ተኝቻለሁ። ሌላ ሰው ሲወጣ አላጠፋም።»

አንድም ቅጽል የለበትም።

«ይሄ ይበቃል?» አሉኝ።

«ይበቃል።»

ከአዳማ ስደውል ስልካቸው ለምን ዝግ እንደነበረ ዛሬ ገባኝ። ልናደድ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግን እንባዬ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ረውዳ የሜክሲኮውን ሥራ አገኘች። ደብዳቤዋን አምነውላታል። ኬክ ተቆረሰ። የኔን ቁራጭ በራሷ እጅ አመጣችልኝ፣ ሳህኑን አስቀምጣ ዞረች። ለሁሉም «ቻው» አለች። ለእኔ ሳትል ቀርታ ይሁን ሳልሰማት ቀርቼ አላውቅም…

ጠረጴዛዋ ላይ የቀረ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

እማዬ ደወለች። «አፍሽን ያዝ አደረግሽ?»

«አላደረግኩም።»

«እህል ትበያለሽ ወይ?»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬ የሹመት ደብዳቤዬ ወጣ። የሥልጠና ክፍል ኃላፊ። ተጠባባቂ የሚለው የለበትም። ወይዘሮ ዘሪቱ በስልክ «በርቺ» ብቻ ብለው ዘጉ።

ናኦድ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ አለሽ» ካለኝ በኋላ ቆም አለ። ሰኔ ላይ ለትምህርት ማመልከት ይፈልጋል፣ የእውነቱን። ደብዳቤ እጽፍለት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እጽፍልሃለሁ። የሠራኸውን። ሰኔ ሩቅ ነው፣ እስከዚያ ሥራ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» አለ፣ ግን ሳቀ። የሐዋሳውን ሥልጠና ሰጠሁት። ብቻውን ይዞ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ ብሎኛልም። ግን ጠዋቱን ሙሉ ቢሮዬን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ «ይቅርታ» ብሎ ነው የሚገባው። ድሮ ማንም አያንኳኳም ነበር። ረውዳ ብትኖር ሮጣ ገብታ ወንበሩ ላይ ትሽከረከር ነበር። መልእክት ጻፍኩላት። አየችው። አልመለሰችም።

ምሳ ሰዓት። ቢሯችን ሥር ያለው ምግብ ቤት ወረድኩ። ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትልቅ የጾም በያይነቱ ከበው፣ ሳቃቸው ከበሩ ይሰማል። ስገባ ጠፋ። አንዱ ስልኩን አወጣ። አንዷ ውሃዋን ጠጣች። ጥግ ላይ ባዶ ጠረጴዛ ነበረ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን። አየሁት። አስተናጋጁም ወደዚያ ጠቆመኝ።

ወንበር አንስቼ በናኦድና በሱሌማን መሃል አስገባሁ። ተጠጋጉልኝ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ።

«ምን እያወራችሁ ነበር?»

ሱሌማን ጎመኑን ጠቅልሎ አነሳ።

«ስላንቺ ነበር» አለ።

«ቀጥሉ» አልኩና እጄን ሰደድኩ።